ሦስት ቀን በሰገን ቤት

ገሰሰ ከሰገን ቤት በፖሊስ ከወጣ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ምክንያቱን ማድበስበስ አይቻልም፤ ልጃቸው ፀደይ እያየች ሚስቱን ሰገንን በጥፊ መትቷት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ጀርመን፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀው፣ ሰገንማ ደህና ናት፣ እኔ ነኝ ሺፍት የሚበዛብኝ ይላል። አገር ቤት ያሉትን እናቱንም በየሳምንቱ እንዲሁ ሲዋሻቸው ኖረ። ሰገንም ጉዱን ለሰው አላወጣችበትም። እሱ ለዚህ እንኳ አላመሰገናትም።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጽዳት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሰገን ደወለችለት። ሆኽስት ሰፈር፣ እቤቷ፣ ቶሎ እንዲመጣ ነግራው ዘጋችው። ታረቀችኝ አለ የኛ ጅል! ኤስ ባን፣ ባቡሩ ውስጥ፣ በመስኮቱ መስተዋት ፀጉሩን ሲያስተካክል ሄደ።

ቁልፍ የለውምና የበሩን ደወል ደወለ። የከፈቱለት በአገሩ ልጆች ማኅበር አንጋፋ የሆኑት ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ናቸው። ከኋላቸው ሳሎኑ ሙሉ ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመዶቹ ከአገር ቤት ለማኅበሩ አደራ ቢሉ፣ ሰዎቹ ይኖርበታል ወዳሉት ቤት መጥተው ነው።

«ልጄ፣ እናትህ አርፈዋል» አሉት።

እሱ ግን መጀመሪያ ያሰበው ደወሉን ነው። የገዛ ቤቱን በር ደውሎ ሲገባ አዩት። እናት ሞታ ስለ ደወል ይታሰባል? እሱ አሰበ።

ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል አስቀመጡትና፣ እዚሁ ቤቱ ሦስት ቀን እንደሚቀመጥ፣ እነሱም እንደማይለዩት ነገሩት። ጥግ የቆመችው ፀደይ ሰማች።

«ፓፓ ቮንት ሂር ኒሽት» አለች።

እዚህ አይኖርም ማለቷ ነው። እዚያ ቤት ይህን ታህል ጀርመንኛ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እዚሁ ይቀመጣል» አለች ሰገን፣ ፍራሽ ልታወጣ እየተነሣች።

ያን ጊዜ ልቡ በደስታ ዘለለ። ሦስት ቀን እቤቱ ሊሰነብት! እናቱ በሞቱ ሰዓት ደስ አለው፤ ደስ እንዳለው ሲያውቅ ደግሞ በእፍረት ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሴቶቹ፣ እናቱን እንዴት ቢወዳቸው ነው እያሉ ደገፉት።

ሦስቱን ቀን ሰገን እንግዳውን ሁሉ አስተናገደች። ለሱም እንደ ሰው ሁሉ ሰሃን አቀረበችለት። ፀደይ በአጠገቡ ስታልፍ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር የምታልፈው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ሲነሡ እሱም ጃኬቱን አነሣ። ልሸኝዎት አላቸው። አዛውንቱ ሁሉን እያወቁ፣ እሺ ልጄ ብለው ቀድመውት ወጡ። ሰገን በሩን ይዛ ቆማለች። ይቅርታ ሊላት ነበር፤ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ አላላትም። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እግዜር ያጽናችሁ» አላት።

«አሜን» አለችና ዘጋችው።