ከማታ ቀጥሎ ያለው ገጽ

ነካኪው ይሉታል፤ ሥራው መነካካት ነዋ። ሌላው ለፍቶ የጨረሰውን አፕ ይቀበልና እስኪበላሽ ድረስ ይጫነዋል፣ ይጎትተዋል። ሲበላሽለት ፊቱ ይበራል። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ፊቱ በርቶ ወደ አንዲት ባልደረባው ጠረጴዛ መጣ።

የቤተሰብ መድኃኒት የሚያስታውስ አፕ ነው፤ የሠራችውም እሷ። ከታች የቤተሰቡ ሰዎች ስም በታብ በታብ፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው በሚነካ ቁልፍ፣ ተደርድሯል። አንዱ ስም ሲነካ በውስጡ ጠዋት፣ ቀን እና ማታ የሚሉ ሌሎች ታቦች ይከፈታሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ በአውራ ጣት ማንሸራተት ነው። ታብ በታብ ውስጥ መሥራት ራስ ያዞራል፤ እሷ ግን ተወጥቼዋለሁ ብላ ትንሽ ትንሽ መኩራት ጀምራ ነበር።

ነካኪው ስልኩን ፊቷ አስቀመጠና ማታ የሚለው ላይ እንዳለች አንዴ ሳብ እንድታደርገው ነገራት። ሳበችው። ከማታ በኋላ ሌላ ገጽ ስለሌለ ባለበት መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ ሹልክ ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ተሻገረ። እዚያም ያው ማታ፣ ያው «ተወስዷል» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ። የተለወጠው ከታች የስሙ ቀለም ብቻ ነበር።

አለቃቸው ከጀርባ ቆሞ አየና ነገ እናስረክብ፣ ይቺ በኋላ ትስተካከላለች አለ። እሷ አልሰማችውም። አፑን ከማንም በፊት የጫነችው እናቷ ስልክ ላይ ነው። እናቷ ደግሞ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ካልሳቡት የሄደላቸው አይመስላቸውም።

አባቷ ማታ ማታ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። እናቷ «ተወስዷል» የሚለውን የተጫኑት በራሳቸው ገጽ ላይ ከሆነ የአባቷ ገጽ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ቀይ ሆኖ ከቀረ ስልኩ አልተወሰደም እያለ ይጮሃል። ከጮኸ ደግሞ ሁለተኛ ኪኒን... ከዚያ ወዲያ ማሰብ ፈራች። እሁድ ዕለት አባቷ ከወንበር ሲነሱ ግድግዳ ይዘው እንደነበር ትዝ አላት። እርጅና ነው ብለዋት ነበር፤ እሷም አመነቻቸው።

እናቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። አባቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም፣ አንዲት ሴትዮ ሳንቲም ፍለጋ የእጅ ቦርሳቸውን ሲበረብሩ፣ ዓለም በሙሉ ሊያዘገያት የተማከረ መሰላት። አባቷን ወለል ላይ ወድቀው በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ነው የሄደችው።

በሩን የከፈቱላት አባቷ ናቸው። በእግራቸው ቆመዋል። ስልኮቹ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበሩ፤ እናቷ ጓሮ ልብስ ያሰጣሉ። ሰላም እንኳ ሳትል ከጓሮው በር ላይ ሆና እናቷን ማታ ማታ አባዬ ስንት ኪኒን ነው የሚወስዱት ብላ ጠየቀች።

«አንድ ነዋ» አሉ እናቷ። «ሰሞኑን ግን አባትሽ ወስጃለሁ ብሎ ድርቅ ይላል፤ ስልኩ አልወሰደም ይላል። እንዲወስድ አደርገዋለሁ። አንቺ የሠራሽው ይዋሻል እንዴ?»

ወዲያው ሐኪማቸው ጋ ደወለች። የዛሬው ኪኒን እንዲዘለል፣ አሁኑኑ መጥተው ግፊታቸውን እንዲለኩ ተነገራት። ዘግታ ስትዞር አባቷ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስልክ ቤት ሠርተው የዘመድ አዝማዱን ቁጥር በቃላቸው የሚይዙ ሰው ናቸው፤ ሰሞኑን ግን ቁጥር ሲጠየቁ ስልኩ ላይ እዩት ማለት ጀምረዋል።

«መውሰዴን አስታውሳለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃው እንኳ እንደቀዘቀዘ አስታውሳለሁ። አልወሰድክም ስባል ግን፣ በቃ ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ ዝም አልኩ። ለእናንተ መንገር አስፈራኝ።»

የመጣችው ስለ ኪኒኑ ፈርታ ነበር። አባቷ የገዛ ጭንቅላታቸውን መጠራጠር ጀምረዋል ብላ ግን አላሰበችም። የእናቷን ስልክ አምጥታ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ምንም አልረሱም። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ የማታውን ገጽ ሳበችው። ከታች የአባዬ ስም ደበዘዘና የእማዬ በራ።

እናቷ ከጓሮ ገብተው ጎንበስ ብለው አዩና የጉልበታቸውን ኪኒን ስልኩ ተወስዷል እያለ ስንት ጊዜ እንዳስዘለላቸው ገባቸው። ለካ ጉልበቴ በከንቱ አልነበረም የሚቆጠቁጠኝ ብለው ሳቁ፤ ሌላ ግን የሳቀ የለም። አባቷ ስልኩን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ሳቡት። መለሱት። ደግመው ሳቡት።

አለቃዋ ደወለ። ነገ እንደማይወጣ፣ ሳይስተካከል ለማንም እንደማይሰጥ ነግራው ዘጋች።

«እንግዲያው ጭንቅላቴ ደህና ነው?» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ።

«ደህና ነው አባዬ።»

ሐኪሙ እየጠበቀ ነው፣ እንነሳ ብትላቸውም ስልኩን አልሰጧትም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ቆይ፣ አንዴ ልድገመው» ብለው እንደገና ሳቡት።