የፕሮኮፒስ የክርስትና ልጆች

ፕሮኮፒስ ከንቲባ ልሁን ብሎ ሲነሳ አግሪሊ ደሴት ላይ የገረመው ሰው አልነበረም። ሰውየው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የምክር ቤት አባል ሆኖ ወንበር ከማሞቅ በቀር የሠራው ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ሟቹን ትቶ የቀሩትን መራጮች ነው የሚቆጥረው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ከንቲባ ልሁን ማለቱ አይቀርም።

አሁን ባለ አራት ገጽ ወረቀት አሳትሞ በየደጁ አስበትኗል። ሽፋኑ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሥራ የማያውቅ ክንዱን አሳይቶ የተነሳው ፎቶ አለ። ከሥሩ «ለአግሪሊ ቅድሚያ የምሰጣቸው ጉዳዮች» ይላል። የባሕር ውሃ የሚያጣራ ማሽን፣ የሀብታም ጀልባዎች ማቆሚያ፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያ። ደግሞም ግልጽ አስተዳደር! የምክር ቤቱ ስብሰባ ሁሉ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል ይላል፤ ኢንተርኔት የሚያገኘው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ የወጣ ሰው ብቻ መሆኑን እያወቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው እንግዲህ። ከሁሉ በላይ፣ በቁጥር አንድ፣ በደማቁ የተጻፈው ግን ይህ ነው፦ «ወጣቱ እዚሁ እንዲቀር፣ እዚሁ ተጋብቶ እዚሁ እንዲወልድ እናደርጋለን። ለእያንዳንዱ አዲስ ጎጆ አምስት ሺህ ዩሮ!»

ዛምቤታ ይህን ያነበበችው ወደቡ ላይ ካለችው የመርከብ ትኬት መሸጫዋ ቁጭ ብላ ነው። ቁጥር አንዷ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፣ ቀጥሎ ቆሽቷ አረረ። ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ የደሴቲቱን ልጆች አንድ በአንድ ያሳፈረቻቸው እሷ ናት። ሁሉም የሚገዙት መሄጃ ብቻ ነው። «መመለሻስ?» ብላ መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች።

አሁን ተራው የገዛ ልጇ ነው። አነዚና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የአሳ አጥማጁን የሽማግሌ ሉካስን የልጅ ልጅ፣ ሚኬስን፣ ትወደዋለች። ልጁም ያብድላታል። ጀልባ አለው፣ ቤትም መሥራት ጀምሯል። ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ፕሮኮፒስ ነው። ሁለቱንም ክርስትና ያነሳቸው እሱ ነዋ!

ሴቷን ሴት፣ ወንዱን ወንድ ክርስትና ያንሳ የሚል ደንብ እኛ ዘንድ የለም። ያለው ሌላ ደንብ ነው፤ አንድ ሰው ያነሳቸው ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። ማዶ ያሉት ጳጳስ «ይህ በቀኖና አልተጻፈም» ብለው ነበር፤ አግሪሊ ላይ ግን ከጳጳስ ይልቅ የሚፈራው የሞተ አያት ነው። ደንቡን ለሚጥሱ ሙሽሮች ሚዜ አይገኝም፤ ድግሳቸውንም የሚቀምስ የለም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ወይ ወንድ ብቻ ወይ ሴት ብቻ ያነሳል። የፕሮኮፒስ አባት፣ እሱም ምረጡኝ ባይ ነበር፣ ያነሳው ወንድ ብቻ ነው። ልጁ ግን ስግብግብ ነው። «ድምፅ ወንድና ሴት የለውም» ብሎ ያገኘውን ሕፃን ሁሉ አቀፈ። አበልጁን ትቶ ሌላ የሚመርጥ ደግሞ እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። እንግዲህ አስሉት።

ሚኬስ አቴንስ አጠገብ ባለው በፒሬዎስ ወደብ ሥራ አግኝቷል። እዚያ ማንም የማያውቃቸው ማዘጋጃ ቤት ገብተው ይፈራረማሉ። «እማዬ፣ ከምርጫው ማግስት ሰኞ ሁለት ቦታ ያዢልን» ብላታለች አነዚና። መሄጃ ብቻ። ባሕር ባሏን ከወሰደባት ወዲህ ዛምቤታ ከዚህች ልጅ በቀር ማንም የላትም። ይህችንም በገዛ እጇ ትኬት ቆርጣ ልትሸኛት ነው።

ምርጫው ዐሥር ቀን ሲቀረው ሐሙስ ዕለት ወደ ፕሮኮፒስ ቢሮ ሄደች።

«አበልጄ! ግቢ፣ ግቢ እንጂ!» ብሎ የቼሪ ማርማላታ በማንኪያ አቀረበላት። ችግሯን ነገረችው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እንዴት ያለ መከራ ነው! ግን አበልጄ፣ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ምርጫው ይለፍና ኮሚቴ እናቋቁማለን።»

«የምን ኮሚቴ?»

«ጉዳዩን የሚያይ።»

«እስከዚያ ልጄ ትሄዳለች እኮ!»

«ወጣት አይደለች? ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። መርከቧ ሰኞ ናት አልሽኝ? ምርጫው እሑድ ነው።» በጣቱ ቆጠረ። «ጥሩ፣ ጥሩ። ይደርሳል።»

ዛምቤታ ማንኪያውን አስቀምጣ ወጣች። ደሟ ፈልቶ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ይደርሳል አላት እኮ! ልጅቷ አገር ለቃ ከመሄዷ በፊት ድምፅዋ ይደርሳል ማለቱ ነው። ቤቷ ስትደርስ ግን ንዴቷ በረድ አለና አንድ ነገር ገባት። ይህ ሰው ልብ የለውም፣ ስሌት ግን አለው። ስለዚህ መለመኑን ትታ በስሌቱ በኩል ልትመጣበት ወሰነች። ለልጇ ምንም አልነገረቻትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፕሮኮፒስ ሕዝቡን ቲሞስ ቡና ቤት ሰበሰበ። የደሴቲቱ ቄስ አባ ያኮቮስ ከፊት ተቀመጡ። የግድግዳውን ጥግ ሽማግሌው ሉካስ ከነወንዶች ልጆቹ፣ ከነአማቾቹ፣ ከነወንድሞቹ ልጆች ያዘው። ያ አንድ አግዳሚ ወንበር ሃያ ስድስት ድምፅ ነው። ወጣቶቹ ከኋላ ቆሙ።

«ወጣቶቻችን!» አለ ፕሮኮፒስ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «የደሴታችን እስትንፋስ! ቁጥር አንድ ያደረግኩት ስለ ምን መሰላችሁ?» አወራ፣ አወራ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፣ ይህን አንክደውም። ሲጨርስ ዛምቤታ ተነሳች።

«አበልጄ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ላንቺ ያልሆነ ለማን ይሆናል! ጠይቂ።»

«የክርስትና ልጆችህ እስቲ ወደ ፊት ይምጡ።»

ፕሮኮፒስ ፊቱ በራ። ፎቶ አንሺውን ጠቀሰው። ዐሥራ አንድ ልጆች እየተገፋፉ መጡ፤ አነዚናና ሚኬስም መጡ። «ቤተሰቤ!» ብሎ እጁን ዘረጋባቸው፤ ተጨበጨበለት።

«ከእናንተ ያገባ ካለ ይቀመጥ» አለች ዛምቤታ። ማንም አልተቀመጠም።

«እንግዲያው ንገረና አበልጄ፣ አምስት ሺው ዩሮ ለማን ነው? ከእነዚህ ማን ማንን ያግባ?»

መጀመሪያ የሳቀው ባንኮኒው ውስጥ የነበረው ቲሞስ ነው። «ወይ ጉድ!» አለ። «ሰውየው እኮ ደሴቱን በሙሉ እህትና ወንድም አድርጎት ቁጭ ብሏል!» ከዚያማ ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ከኋላ አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ «የኔ ልጅ በዚሁ አይደል ቆሞ የቀረው?» ብላ ጮኸች።

«ከ... ከጎረቤት ደሴቶች ጋር ትስስር እንፈጥራለን» አለ ፕሮኮፒስ ላቡን እየጠረገ።

«ሙሽራ ከአይብና ከዱቄት ጋር ጭነህ ልታመጣልን ነው?» አለ ቲሞስ።

ዛምቤታ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። «ላሳፍርህ አልመጣሁም» አለች፤ ትንሽ ለዚያም መጥታለች። «የኔ ልጅና የሉካስ የልጅ ልጅ እንደሚዋደዱ የማያውቅ የለም። ከሁለቱ አንዱን ክርስትና ያላነሳህ እንደሆነ ነገሩ አለቀ፣ ያች ቁጥር አንድህ የመጀመሪያ ሰርጓን ታያለች። እስቲ አስታውስ። ያኔም ሥራ ይበዛብህ ነበር፤ አንዱ ቀን አርፍደህስ እንደሆነ?»

ፕሮኮፒስ ገባው። ለዚህ ለዚህስ ማን ብሎት! መጀመሪያ ወደ ሉካስ ወንበር አየ፤ ሃያ ስድስት። ቀጥሎ ወደ ዛምቤታና ወደ ልጇ አየ፤ ሁለት። ለማስላት ምራቁን እስኪውጥ ድረስ እንኳ አልፈጀበትም።

«አሁን ስትዪው ነው ትዝ ያለኝ» አለ ግንባሩን ይዞ። «አነዚና ክርስትና የተነሳች ለታ መርከቧ ከአቴንስ ዘገየችብኝ። ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ሕፃኗን ያቀፈቻት የአክስቴ ልጅ ማንቶ ናት፣ ነፍሷን ይማረው። የኔ ስሜ ብቻ ነው የተጻፈው። በእግዚአብሔር ፊት እውነቱን እናገር ከተባለ፣ ልጄ አይደለችም።»

ውሸት! ማንቶ ሞታለች፤ ተነስታ አትመሰክርበት። ያን ቀን ፕሮኮፒስ ከቄሱ በፊት ነበር የደረሰው። ሕፃኗን ከውሃው እንደወጣች ተቀብሎ ታቅፎ የተነሳው ፎቶ ዛምቤታ ሳሎን ተሰቅሏል። ልጅቷን ያጠመቋት አባ ያኮቮስ ራሳቸው ናቸው። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ያኔ ቆሞ ያይ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ሉካስ የልጅ ልጁ እንዲቀርለት ይፈልጋል፣ ቲሞስ ለሰርጉ ወይን መሸጥ ይፈልጋል፣ የቀረውም መብላት ይፈልጋል። ሁሉም ወደ አባ ያኮቮስ ዞረ። አባ ያኮቮስ ጣራ ጣራውን ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ እንኳ ያን ዓመት ዓይኔን በጣም ያመኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ የሚከለክል ነገር የለም።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሚኬስ ወንበር ጥሶ መጥቶ ዛምቤታን ከመሬት አነሳት። እሷም ስቃ ሳትጨርስ ልጇን ፈለገቻት። አነዚና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗ ፕሮኮፒስ ላይ ነበር። እሱ ግን የሉካስን እጅ እየጨበጠ ነበርና አላያትም።

የቤታቸውን በር ከፍተው ሲገቡ አነዚና፣ «እማዬ፣ ሆን ብለሽ ነው?» አለች።

«አዎ። የትኛችሁን እንደሚጥል አውቅ ነበር። ተሳካልን እኮ ልጄ! ቀረሽልኝ!»

«አባዬ የሞተ ጊዜ በማግስቱ መጥቶ ያቀፈኝ እሱ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።»

«ያን ዓመትም ምርጫ ነበር» አለች ዛምቤታ።

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች። ሰውየውን ስትንቀው ስትንቀው፣ ልጇ እንደማትንቀው ልብ አላለችም ነበር። አነዚና ግን አላለቀሰችም። የክርስትናዋን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው፤ ካሁን በኋላ እንግዳ እንዲያየው አያስፈልግም። በማግስቱ ሚኬስ የፒሬዎሱን ሥራ ተወው፣ ዛምቤታም የተያዙትን ሁለት ቦታዎች ሰረዘች።

ዓርብ ዕለት እናትና ልጅ ለሰርጉ የሚታደለውን በስኳር የተለበጠ ለውዝ በነጭ ጨርቅ ሲቋጥሩ በሩ ተንኳኳ። ዛምቤታ በመስኮት አየች። ፕሮኮፒስ ነው፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያንኑ ወረቀቱን ታቅፎ መጥቷል። ሁለት ድምፅ ለምን ይቅርበት! «ቆይ ይሄን...» ብላ ስትነሳ አነዚና ቀደመቻት። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው።

«ልጄ!» አለ እጁን ዘርግቶ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ልማድ ነው።

«ማን ልበል?» አለች አነዚና።

ሳቀ። «እኔ ነኛ! ምን ነካሽ?»

«ለእናቴ እንድነግራት ነው። እርስዎን ማን ልበል?»

እርስዎ ብላው አታውቅም። ፕሮኮፒስ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። በዚህ ቤት ደጃፍ ስሙ የክርስትና አባት ነበር፤ ሌላ ስም ኖሮትም አያውቅ። አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ወደ መንገዱ ገልመጥ አለ። የሉካስ ልጆች ለሰርጉ ወንበር ተሸክመው እያለፉ ነበር፤ ሁለቱ ቆመው ያዩታል። አፉን ዘጋ። አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ደግሞ የያዘውን ወረቀት አየ።

«ዕጩው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ዕጩው መጥቷል በያት።»

አነዚና ወደ ውስጥ ዞረች። «እማዬ፣ አንድ ዕጩ መጥቷል፤ አናውቀውም» ብላ በሩን ዘጋችው።