ከኋላዋ የተሰማው ትንፋሽ

ልጄ ደጋን ስትስብ ክንዷ አይንቀጠቀጥም። ችግሩ ጣቷ ላይ ነው። ስታነጣጥር የቀስቱ ጫፍ ወደ ኢላማው ቢጫ መሃል ሲጠጋ፣ ገና ሳይደርስ፣ ጣቶቿ በራሳቸው ጊዜ ይከፈታሉ። አንድ ቀን ቀስቷ ሄዶ የጎረቤቷን ኢላማ ወጋ።

«ገመዱ ያቃጥላታል እንዴ?» አለ አንዱ የቡድኑ ልጅ። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር። እኔ ከመወርወሪያው መስመር ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

አሠልጣኙ ኢላማውን ነቅሎ ባዶ የገለባ እስር አቆመላት። «ቢጫውን እርሺው። ስበሽ ያዢ። ስትፈልጊ ልቀቂ፣ ካልፈለግሽ መልሺው» አላት። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ስትሠራ ጣቶቿ ታዘዟት አሉ። እኔ ሥራ ስለበዛብኝ አልሄድኩም። ከዚያ ኢላማው ተመለሰ፤ እኔም ተመለስኩ። ጣቶቿም ወደ ድሮ አመላቸው ተመለሱ።

አሠልጣኙ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጫማውን እያየ፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ብልዎት አይቀየሙኝም?» አለኝ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

«ቢጫው ላይ ልትደርስ ስትል እርስዎ ትንፋሽዎን ሳብ ያደርጋሉ። ‹ህእ!› ይላሉ። እሷ የምትለቀው ያኔ ነው።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ልማዴ ነው፤ ልጅ ሆና ደረጃ ስትወጣም፣ ብርጭቆ ስትይዝም ‹ህእ!› እል ነበር። ብርጭቆውንም የምትጥለው ያኔ ነበር።

ቤት ስንገባ፣ «አሠልጣኙ ነገረሽ አይደል?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ከሁሉም ቀድሜ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«መምጣት ታቆሚያለሽ ብዬ ነዋ።»

ይሄኛው ደግሞ ባሰብኝ። «ቅዳሜ አልመጣም» አልኳት። ቅዳሜ ፈተና ነው፤ ጣቶቿ ካልታዘዙ ከቡድኑ መውጣቷ ነው።

«አንቺ ከሌለሽማ፣ እማ፣ መዳኔን በምን አውቃለሁ?»

ሄድኩ። ሻሼን ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ወተፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ «ጥርስዎን ነው?» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ልጄ ሳበች። ቀስቱ ወደ ቢጫው ሲጠጋ፣ ሻሹም አላዳነኝ፣ ‹ህእ!› ብሎ በአፍንጫዬ ወጣ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀስት ሲሰካ ግን አልሰማሁም። ስገልጥ እንደሳበች ቆማለች። ከዚያ ቀስ አድርጋ፣ ሳትለቅ፣ ገመዱን መለሰችው።

«ፈራች!» አለ ያው ልጅ።

እንደገና ሳበች። እኔም እንደገና፣ ምን ልበል፣ አመሌ አይለቀኝም። አሁንም ጣቶቿ አልተከፈቱም። የእኔ ትንፋሽ አልቆ፣ የሰዉም ሳቅ በርዶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የለቀቀችው። ቀስቱ ቢጫውን ስቶ ቀዩ ላይ ተሰካ።

አሠልጣኙ ኢላማውን እንኳ አላየም። «ማን ነው የለቀቀው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«በይ ከቡድኑ አትወጪም፤ ቦታሽ ላይ ቆዪ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ አሁን ሻሹን አውጪው በናትሽ፤ ሰው እያየን ነው።»

አወጣሁት። ርሷል። የት እንደምደብቀው ጠፍቶኝ እጄ ላይ እንደያዝኩት፣ ደጋኗን ደግማ አነሳች።