የእማማ ካሰች ሻፌታ

ደበሌ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ደቅኖ መንደሩን ሲዞር፣ እማማ ካሰች የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "ውርስ!"

ሰውየው ያለው "ቅርስ" ነው፤ ቀበሌው ለከፈተው የቅርስ ክፍል የቆየ ዕቃ ያለው ያሳይ ማለቱ ነበር። ያ ማጉያ ግን ከደበሌ ሳል በቀር በወጉ የሚያሰማው ነገር አልነበረውም። ደግሞስ ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ሁለት የኪራይ ክፍል ለተወረሰባት ሴት ሌላ ምን ቃል ጆሮዋ ይገባል?

"አሁን ደግሞ ዕቃ ሊወርሱ ነው!" ብለው ወደ ጓዳ ሮጡ። ከእናታቸው የቀረቻቸው ሻፌታዋ ብቻ ነበረች፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ከብቦ የሚበላባት ሰፊ የሸክላ ገበታ። በነጠላ ጠቅልለው ጓሮ እንሰት ሥር ቀበሯት። ወሬው አጥር ዘለለና የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሲቆፍር ዋለ። ለልማት ዘመቻ እንኳ እንደዚያ የተቆፈረበት ቀን የለም።

በማግስቱ ከባህል ጽሕፈት ቤት የተላከችው ታቢታ ዓይኗ ቀልቶ በራቸው ላይ ቆመች።

"እማማ፣ አንድ ሰው እንኳ ዕቃ አላሳየኝም። የቅርስ ክፍላችን ባዶ ከሆነች ሊቀመንበሩ የሲሚንቶ መጋዘን ሊያደርጋት ነው።"

"የውርስ ክፍል?"

ነገሩ ገባትና ሳቋ አመለጣት። "ቅርስ፣ እማማ፣ ቅርስ! ዕቃው የእናንተው ሆኖ እንዳይጠፋ ነው።"

እማማ ካሰች አልሳቁም። መንግሥት ወስዶ ሲመልስ አላዩም።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ሊቀመንበሩ ጋ።"

"እንግዲያው ሲሚንቶውን ያስገባ።"

ታቢታ ጥቂት አሰበች። "ቁልፉ እርስዎ ጋ ቢሆንስ? ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራላትን ሻፌታዎን ለፍቼ አውጥታችሁ ትበሉባታላችሁ፤ ከዚያ ትመልሷታላችሁ።"

ሄዳ ከሊቀመንበሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ዋለች። አመሻሹ ላይ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥራ መጣች።

ያኔ ዶማው ተነሣ። ሻፌታዋ ሳትሸረፍ ወጣች፤ እማማ ካሰች አፈሩን በቀሚሳቸው እየጠረጉ አለቀሱ። ጎረቤቶቻቸውም አይተው የየራሳቸውን ቆፍረው አወጡ፤ ክፍሏም ሞላች።

ታቢታ ሻፌታዋ አጠገብ የምታኖረውን ወረቀት ይዛ "ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?" አለች።

እማማ ካሰች ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። "እኔ ልጅ አልወለድኩም። ስሞት ይቺ ለሰፈሩ ልጆች ናት። ቤቴን ሲወርሱኝ ማንም አልጠየቀኝም። ይቺን ግን እኔው ራሴ አወረስኩ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።"