የመልሰው ሙያ

አልቃሿ ትርፌ ድንኳኑ መሀል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል።

«ወንበሩ ባዶ ነው፣ ጠረጴዛው አዝኗል፣
ማኅተም የሚመታው መልሰው ወዴት ሄዷል?»

ዋይታው ቀለጠ። እታገኝ ግን እንባ አልመጣ አላት። የገዛ ወንድሟ ሠልስት ነው፤ ደረቷን ትደቃለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ከየት ይምጣ? መልሰው በዕድሜው ማኅተም መትቶ አያውቅም። የሰቆጣ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ የሚያለቅሰው ጨርሶ ላልተፈጠረ ሰው ነው።

የመልሰው ልጅ ሃና ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የአባቷን አስከሬን ከአዲስ አበባ ይዛ ከመጣች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላወረደችም። ንፍሮ የሚያድሉት ሴቶች «የከተማ ልጅ፣ ልቧ ድንጋይ ነው» እያሉ ያሟታል። እታገኝ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ» አለች ሃና።

«ምነው ልጄ? ሰባቱ እንኳ ሳይወጣ?»

«የሚለቀሰው ሌላ ሰው ነው። አባቴን አንድ ሰው እንኳ አላነሳውም። በማላውቀው ሰው ለቅሶ ምን አደርጋለሁ?»

እታገኝ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት። ይህች ልጅ እንዲህ ሆድ ብሷት ከሄደች አትመለስም። የመልሰው ዘር ከአገሩ የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

መልሰው ከሰቆጣ የወጣው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ገና ጢም ሳያወጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያገኘው ሥራ የጎልፍ ተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ መሸከም ነበር። ተሸክሞ ተሸክሞ እሱም መጫወት ለመደ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታየውም። የውጭ ሰዎችን እያስተማረ የዕለት ጉርሱን ያገኛል፤ ውድድር ሲመጣ ይወዳደራል፤ ይሸነፋል። ናይሮቢ ሄዶ ተሸነፈ፣ ሉሳካ ሄዶ ተሸነፈ። ሃምሳ ሲሞላው «ደግሞ የአንጋፋዎች ውድድር አለ» ብሎ እንደ ሙሽራ ፈነደቀ። እዚያም አልቀናውም።

ታናሽ ወንድማቸው ደርቤ ሚስት ሲያጭ አማቶቹ «ታላቅህ ምን ይሠራል?» አሉት። «የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው» አለ። ውሸት አንዴ ከወለዱት ማሳደግ ግድ ነው፤ ደርቤም ለወንድሙ በየዓመቱ ሹመት እየጨመረ ሥራ አስኪያጅ አደረሰው። መልሰው ሲሰማ «እሱን ካስከበረው ይሁን» ብሎ ሳቀ። ሳቀ እንጂ ከዚያ ወዲህ አገሩን አልረገጠም።

እታገኝ ደርቤን ከድንኳኑ ጀርባ ጠራችው።

«እውነቱን ለትርፌ ልንገራት።»

«የቱን እውነት?»

«የወንድማችንን ሙያ።»

«ሙያ! ኳስ በዱላ ሲያባርር አረጀ ልትያት ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄን ለልጃቸው የጠየቁት ሰዎች ከአምደወርቅ መጥተው እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዴ አዋረድኩት፣ እሺ፣ አጠፋሁ። አሁን ለሞተው ምን ይጨመርለታል? በእናታችን አፅም፣ ዝም በይልኝ።»

አሳዘናት። ደርቤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሬሳውን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ትከሻ ሳይቀይር የተሸከመው እሱ ነው። ዝም ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ግን ያቺ ኳስ ትዝ አለቻት። ከጦርነቱ በፊት ዓይኗን ልትታከም አዲስ አበባ ሄዳ መልሰው ጋ አርፋ ነበር። ውድድር ነበረውና ይዟት ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሣሩን ሲያቋርጥ ዋለ፤ ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ጉልበቱን ያመዋል። የመጨረሻዋ ኳስ ተንከባልላ ተንከባልላ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ቆመች። መልሰው ቆሞ አያት። ከዚያ ቆቡን አውልቆ የረታውን ሰውዬ አቀፈ። ማታ እራት አልበላም። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ የበሩ ድምፅ ቀሰቀሳት።

«ወዴት ነው?»

«ያቺን የቆመችብኝን ልመታት።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አይበቃህም?»

«እታለም፣ ደርሼባታለሁ እኮ። የቀረኝ ስንዝር ነው።»

እታገኝ ወደ ድንኳኑ ገብታ በትርፌ ፊት ቆመች።

«ቆይ፣ ትርፌ። ወንድሜ ማኅተም አልመታም። ቢሮም አልነበረውም።»

ጭብጨባው ቆመ። ደርቤ በሩ ላይ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ምን ነበር?» አሉ የእድሩ ዳኛ አያ ገበየሁ።

«ተጫዋች ነበር። ጎልፍ ይሉታል። የኛን ገና ይመስላል፤ ኳሷን በዱላ እየመቱ ሩቅ ካለ ጉድጓድ ይከቷታል።»

«እኛ እንኳ ገናን ለገና ነው የምንጫወት። እሱ ዓመቱን ሙሉ?»

«ዕድሜውን ሙሉ፣ አያ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ለመሆኑ ረትቷል?» አሉ አያ ገበየሁ።

የፈራችው ይህን ነበር። አንዲት ዋንጫ ብትጨምርለት ማን ያጣራል? ደርቤም ይድን ነበር። ዞር ስትል ሃና ትኩር ብላ ታያታለች።

«አልረታም» አለች እታገኝ። «አንድም ቀን አልረታም። ተሸንፎ ይገባል፣ ሲነጋ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንትም እንደዚያው ጎህ ሳይቀድ ወጣ። የሜዳው ዘበኛ ሲደርስ ለብቻው ሣሩ ላይ ወድቋል፤ ዱላውን እንኳ አልለቀቀም። ወንድሜ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ።

የአምደወርቅ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ትልቅየው ጋቢውን አጣፋና ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በደርቤ አጠገብ ሲያልፉ «እግዜር ያጽናህ» ያለው የለም።

ትርፌ የጀግና ሙሾ ታውቃለች፣ የባለጠጋም ታውቃለች። «ለተረታ ሰው አውርጄ አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሳታጨበጭብ ጀመረች።

«አልቀናውም አሉ፣ ይቅር መች አለና፤
ነጋ ብሎ ወጣ መልሰው እንደገና።»

ሴቶቹ ወዲያው አልተቀበሏትም። ደገመችው፤ አንዷ ተቀበለች። ደርቤ ባለበት ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ሃና ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደ መሀል ገባች።