የዳረል ድንጋይ

ቨርሊ ስታምፐር ክሬዲት ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ በሹራቧ እጅጌ ወለወለችና ለኤስቲል ሰጠችው። ካርዱ አልቆሸሸም ነበር። የልጇ ድንጋይ የሚገዛበት ስለሆነ ብቻ እንደ ዘይትና ስኳር መግዣ ወርውራ መክፈል ከበዳት።

ኤስቲል የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነው። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ውስጥ ከተቀበሩት ሰዎች የግማሾቹ ስም በእሱ እጅ አልፏል። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን በእርሳስ ወረቀት ላይ አስፍሮ ሲያነብላት፣ እሷም ጣቷን ከፊደሎቹ ስር እያስኬደች በከንፈሯ ተከተለችው።

«ዳረል ስታምፐር» አለ ኤስቲል። «ከስሩ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን። እሺ፣ ከዚያስ በታች? አብዛኛው ሰው አንድ ጥቅስ ያስጽፋል።»

«‹ለእናቱ ያነብላት ነበር› በልልኝ።»

ኤስቲል እርሳሱን አነሳ። «በቃ?»

«በቃ።»

«ሰው ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቅሻል እኮ፣ ቨርሊ።»

«ይጠይቃ።»

«እንዳሻሽ። ባለፈው አንዷ ባሏ ያጠመደውን ዓሣ ሁሉ በስሙ አስጻፈችኝ። ድንጋዩ የምግብ ቤት ዝርዝር መሰለ።»

ቨርሊ ሳቀች። ልጇ ካረፈበት ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ኤስቲል ካርዱን ማሽኑ ውስጥ ከተተው፤ ማሽኑ ጢጥ ብሎ ተፋው። በሸሚዙ አሽቶ ደገመው፤ ደግሞም ተፋው።

«ይኼ ማሽን ዝናብ ሊመጣ ሲል ያኮርፋል» አለ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ሦስተኛውን ሞክሮ ካርዱን ባንኮኒው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠና በጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ባንክሽ ጋ ብትደውዪ ይሻላል፣ እህቴ።»

«ቦታ አለው እኮ! ባለፈው ወር በገዛ እጄ ነው የከፈልኩት።»

«አምንሻለሁ። ብቻ ድንጋዩን ከሚያወጡት ሰዎች የማመጣው ግማሹን ከፍዬ ነው። ያለ እሱ መዶሻዬን አላነሳም፤ ለእናቴ ልጅም አላነሳሁ። የማስዋቢያው እሁድ ደግሞ እየደረሰ ነው።»

የማስዋቢያው እሁድ መድረሱን ለቨርሊ የሚነግራት አያስፈልግም ነበር። ክረምቱን በሙሉ ያሰበችው ስለ እሱ ነው። በግንቦት አንድ እሁድ ስታምፐሮች ሁሉ ካሉበት ተሰባስበው ወደ ኮረብታው መቃብር ይወጣሉ። ሣሩን ያጭዳሉ፣ አበባ ያስቀምጣሉ፣ ከዛፎቹ ስር ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ይበላሉ። ከመብላታቸው በፊት ግን ከመቃብር ወደ መቃብር ይዞራሉ። የሟቹ የቅርብ ዘመድ ከድንጋዩ ፊት ቆሞ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ስሙን ይደግማል። ስሙ ያልተጠራ ሰው ለብቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

ቨርሊ ያገባችው የቤቱን የመጀመሪያ ልጅ ስለነበር፣ ባሏ ከሞተ በኋላ የእሱንም የአማቶቿንም የእነሱን ወላጆችም ድንጋይ ማንበብ የእሷ ድርሻ ሆነ። ማንበብ ግን አትችልም ነበር። ይህን ከዳረል በቀር ማንም አያውቅም። ያኔ ዳረል ትንሽ ልጅ ነው። አበባውን ታቅፎ ከጎኗ ይቆምና በትንፋሹ ይነግራታል፤ እሷ ጮክ ብላ ትላለች። አድጎ ጢም አውጥቶም፣ የማዕድን መኪና ነጂ ሆኖም እንዲሁ ነበር። የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የመብራቱን ሒሳብ፣ የአክስቱን ደብዳቤ ሁሉ እሱ ነው ያነበበላት። ሌክሲንግተን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ ስለ ራሱ ሕመም የተጻፈውን ወረቀት ለእሷ ያነበበላት እሱ ነበር። ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹ ተያዘና መስመር ዘለለ። ቨርሊ ፊደል ባታውቅም መዝለሉን አወቀች። ምን ዘለልክ ብላ ግን አልጠየቀችውም።

ካርዱ በዕዳ የሞላው በዚያ ጊዜ ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነበር፤ ቤንዚን አለ፣ የመንገድ ዳር ማደሪያ አለ፣ ዳረል አንድ ማንኪያ ቀምሶ የሚተወው ሾርባ አለ። ልጇ ካለፈ በኋላም በየወሩ ትንሿን ክፍያ ብቻ ስትከፍል ከረመች፤ ካርዱ እስከ አፍ ገደፉ እንደሞላ ቆየ። በዚህ አልተማረረችም። ካርዱ ባይኖር ኖሮ ዳረል ብቻውን ነበር የሚሞተው።

በጸደይ መንግሥት ከግብሯ የሚመልሰው ገንዘብ ሲመጣ፣ እሷም እንደ ጎረቤቶቿ በየዓመቱ የምታደርገውን አደረገች። በዚያ ሸለቆ ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ አያድርም። የአንዱ መኪና ይበላሻል፣ የሌላዋ መብራት ይቆረጣል፣ ዘመድ በር ላይ ሲቆም እምቢ የሚል አንደበት የለም። ስለዚህ ገንዘቡን እንዳለ ካርዱ ላይ ይከፍሉታል፤ የታደነ አጋዘን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደሚከቱት ማለት ነው። ዕዳው ይጎድላል፣ ቦታ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ ሲያስፈልግ ከዚያው እየቆረጡ ያወጣሉ። ቨርሊ ዘንድሮ የዳረልን መኪና የሸጠችበትንም ጨመረችበት። ያ ሁሉ የድንጋዩ ገንዘብ ነበር።

ከኤስቲል ሱቅ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ደወለች። ብዙ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ አንድ ወጣት መጣ።

«ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ስታምፐር። የካርድዎ የብድር ጣሪያ ዝቅ ተደርጓል።»

«ማን ነው ዝቅ ያደረገው?»

«ባንኩ ነው፣ እመቤቴ። ካርድዎ ለረጅም ጊዜ ሞልቶ ስለቆየ ነው። እንዲህ ሲሆን ጣሪያው ይከለሳል።»

«አሁን እኮ አልሞላም። ከፈልኩ! በዕድሜዬ እንደዚያ ብዙ ከፍዬ አላውቅም።»

«አዎ፣ ይታየኛል። ስለ ክፍያዎ እናመሰግናለን።»

«ታዲያ ስከፍል ነው እንዴ የምትቀንሱት?»

«ዕዳው ሲወርድ ጣሪያውም ተከትሎ ወርዷል። ደብዳቤ ተልኮልዎታል፣ በመንገድ ላይ ነው። አሁን ክፍት የቀረው ሃያ ስድስት ዶላር ነው።»

«እሺ፣ እንግዲያው የከፈልኩትን መልሱልኝ። ልክ እንዳልከፈልኩ አድርጉት።»

«የተከፈለ ዕዳ አይመለስም፣ እመቤቴ።»

«የልጄ ድንጋይ ነው እኮ።»

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ድንጋይ። የመቃብር ድንጋይ።»

ከወጣቱ ኋላ ሌሎች ብዙ ሰዎች ሌሎች ብዙ ሰዎችን ሲያመሰግኑ ይሰማ ነበር። «በጣም አዝናለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ያዘነም ይመስላል። ቀጥሎ ግን ማለት ያለበትን አለ፦ «ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?»

«የለም፣ ልጄ። እናትህ አለች?»

«አለች።»

«ደውልላት» አለችና ዘጋችው።

ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ደረሰ። ቨርሊ ከቀብሩ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ሚስ ኔል ዘንድ ማንበብ መማር ጀምራ ነበር። የተማረችው ለአንድ ነገር ነው፦ የልጇን ድንጋይ ያለ ማንም ሹክሹክታ በራሷ ዓይን ልታነብ። አሁን የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ጣቷን ከቃላቱ ስር እያስኬደች ደብዳቤውን ጀመረች። «ውድ ደንበኛችን» ይላል። ‹ውድ› የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት በመጽሐፍ ላይ ብቻ ነበር ያየችው፤ ለእሷ ተጽፎ ስታየው ልቧ ሳታዝዘው ደስ አለው። ከዚያ በታች ያለውን ስትጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። አንድም መስመር አልዘለለችም። በሕይወቷ ከአናቱ እስከ ግርጌው ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ሆነ።

በማግስቱ የባሏ እህት ኦማ የምግቡን ነገር ልትመክር መጣች። ኦማ ሳትቀመጥ የምትናገር ሴት ናት።

«ባቄላውን አንቺ፣ ዶሮውን እኔ። የድንች ሰላጣውን ለሌላ እንስጠው፤ ያንቺ አምና የልጆች ሙጫ ይመስል ነበር።»

«አንቺ እኮ ነሽ ሁለት ሳህን የበላሽው፣ እትዬ ኦማ።»

«ለሟቾቹ ብዬ ነዋ!» ኦማ ጓንቷን አወለቀች። «ድንጋዩስ? ኤስቲል ጨረሰ?»

ቨርሊ ወደ ማጠቢያው ዞረች። የዳረልን የሬሳ ሣጥን የገዛችው ኦማ ናት። ድንጋዩንም እኔ ላቁም ብላ ነበር፤ ያን ጊዜ ቨርሊ በሰው ፊት፣ «የልጄን ድንጋይ የማቆመው እኔ ነኝ» ብላ መልሳላታለች። አሁን አፏን ከፍታ መለመን ነበረባት። አፏ ተከፈተ።

«ታዟል» አለች።

«ጎሽ! የቀብር ድርጅቱ ለጊዜው የተከለው የስም ቆርቆሮ ልጃችን ራስጌ ቆሞ ማየት ጠልቼ ነበር። የሽንኩርት ማሳ ምልክት ነው የሚመስለው።»

ከዚያ እስከ እሁድ የነበሩትን ቀናት ቨርሊ ሌላ መንገድ ስትፈልግ አሳለፈች። ሌላ ባንክ ጠየቀች፤ ጣሪያዋ የተቀነሰባትን ሴት ማን ያበድራል? የልብስ ማጠቢያ ማሽኗን ልትሸጥ አስባ ገዢ አላገኘችም። ኤስቲል አንድ ቀን ደውሎ፣ «ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ እዚሁ ግድግዳ ላይ ሰክቼዋለሁ» አላት። አመሰገነችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን በቤቷ ግድግዳ ላይ የዳረል ስም የተጻፈበት አንድ የተሰካ ወረቀት እንኳ እንደሌላት ታሰባት።

እሁድ ጠዋት ኮረብታው ላይ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል። ስታምፐሮች ከድሮው መቃብር ጀምረው ወረዱ። ቨርሊ የአማቶቿን ወላጆች ድንጋይ አነበበች፣ የአማቶቿን አነበበች። ቀስ ብላ ነው፤ በአንዳንዱ ፊደል ላይ ትቆማለች። አረጀች ብለው ይሆናል፣ ማንም አላጣደፋትም። የባሏን ድንጋይ ስታነብ ድምፅዋ ጠነከረ። ሁሉንም በራሷ ዓይን ነበር የምታነበው፤ ግን ለማን ትንገረው?

ከዚያ ዳረል ጋ ደረሱ።

አፈሩ ገና አልተደላደለም። በራስጌው ቆርቆሮው ቆሟል። ኦማ አየችው፤ ከዚያ ቨርሊን አየቻት። «ድንጋዩስ?» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ።

«የለም፣ እትዬ ኦማ። ዘንድሮ አይመጣም።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ቨርሊ ጎንበስ ብላ ከቆርቆሮው ላይ ያለችውን ላስቲክ በአውራ ጣቷ ወለወለች። ከስሯ የነበረችውን ስሙ የተጻፈባትን ወረቀት የክረምቱ ዝናብ ገብቶ አጥቧታል። ነጭ ናት። አንድ ፊደል አልቀረባትም።

ዞር ብላ መሄድ ትችል ነበር። ሰው ሁሉ አበባውን አስቀምጦ ያልፍ ነበር፤ የዳረል ስም ሳይጠራ ይውል ነበር። ጣቷን ነጩ ወረቀት ላይ አሳረፈች።

«ዳረል ስታምፐር» አለች።

«ዳረል ስታምፐር» አሉ ሁሉም።

ጣቷን ዝቅ አደረገችና የተወለደበትን ቀን አነበበች። ደግሞ ዝቅ አደረገችና ያረፈበትን አነበበች። ከዚያ ቆመች። ሳታስበው ራሷን ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል አድርጋ ነበር፤ ዳረል አበባውን ታቅፎ ይቆምበት ወደነበረው ጎን። ነፋሱ የጠረጴዛውን ልብስ ያውለበልባል። ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

«ለእናቱ ያነብላት ነበር» አለች ብቻዋን።

ይህን ማንም አልደገመው፤ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ኦማ ግን ቀረብ ብላ ነጩን ወረቀት አየች፤ ቀጥሎ የቨርሊን ጣት፤ ቀጥሎ ፊቷን። ሌሎቹ ቀስ በቀስ ወደ ቀጣዩ መቃብር ሲወርዱ እሷ ቀረች።

«ሁሉንም እሱ ነበር የሚያነብልሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ሁሉንም።»

«ኦሃዮ ሳለሁ የጻፍኩልሽንም?»

«ያንቺንም።»

ኦማ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች። «አንድ ጊዜ ስለ እሱ ክፉ ጽፌልሽ ነበር። ይኼ ልጅ ሸክም ነው፣ ለሌላ ዘመድ ስጪው ብዬ። እሱ ነው ያነበበልሽ?»

ቨርሊ ያን ደብዳቤ ለማስታወስ ሞከረች። ጠረጴዛውን አስታወሰች፣ የልጁን ትንሽ ጣት፣ ከደብዳቤው መሐል ላይ ቆሞ አፍንጫውን መሳቡን። «አክስቴ በጣም በረዶ ጥሏል ትላለች» ነበር ያላት።

«ዘልሎት ይሆናል» አለች።

ኦማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቨርሊ፣ ክረምቱ ቆርቆሮውን አላልቶት ስለነበር፣ ተንበርክካ ቀጥ አደረገችው፤ እንዳይወድቅም በሁለት መዳፏ አፈሩን ዙሪያውን ጠቀጠቀችለት።