ሙሉው ይሰጣት

ጋሼ ፌርማታ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚከራከረው ሰው አጥቶ ነበር። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። የከተማ አውቶብስ ሲነዳ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ አሮጊት ብትለምነው፣ ከፌርማታ ውጪ ሰው አውርዶ አያውቅም። አንዴ አንዲት እርጉዝ በራፏ ላይ እንዲያወርዳት ብትማፀነው አልፏት ሄዶ «የሚወረደው እዚህ ነው» ብሎ አወረዳት፤ ሴትየዋም መንገዱን ሙሉ እየረገመችው በእግሯ ተመለሰች። ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ያ ሁሉ ደንብ ቤት ገባና ሚስቱ ላይ ወደቀ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሲከራከር እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፤ የእሱ ድምፅ ሲበረታ የእሷም እግር ይበረታል። እንዲህ ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ነው ተባለና በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የቀረው ጨረሩ ነበር። በዚያ ጊዜ የሆስፒታሉ የጨረር ክፍል ጥናት ይዞ ነበር። ለአንዳንዷ ሴት ጨረሩ በትንሽ በትንሹ አምስት ሳምንት ይሰጣታል፣ ለሌላዋ በርከት ተደርጎ በአንድ ሳምንት ያልቃል፣ ከዚያ የሁለቱ ውጤት ይታያል። ማን የቱን እንደምታገኝ ሐኪም አይመርጥም፤ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። ለልብስ ሰፊዋ አምስቱ ሳምንት ወጣ።

ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ይቺ «ዕጣ» የምትባል ቃል ናት። ጋሼ ፌርማታ ዕድሜውን ሙሉ ሎተሪ ሲቆርጥ ኖሮ አንዳች ነገር ደርሶት አያውቅም። ሐኪሟ «ዕጣው ረጅሙ ላይ ወጥቷል» ስትል «ወጥቶላችኋል» ያለች መሰለው። ለባለሱቁ ነገረ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ ለጫማ ሰፊውም ነገረ።

«ሙሉው ደረሳት እኮ» ይላል።

«ምንድነው የደረሰኝ? የደረሰኝ ካንሰር ነው» አለችው ልብስ ሰፊዋ በኀፍረት።

«አንቺ ደግሞ ዕድል አይገባሽም።»

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ጥናቱ ቆመ። ከጨረር ክፍሉ ሠራተኞች ገሚሱ ታሞ ቤቱ ቀረ። በመጠበቂያ ክፍሉ ያሉት ወንበሮች አንዱ እየታለፈ በፕላስተር ታሸጉ። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን አስጠርታ ግቢው ውስጥ፣ ራቅ ራቅ ብለው በተቀመጡ ሦስት ወንበሮች ላይ አነጋገረቻቸው።

«እትዬ፣ ሕክምናውን አሳጥረነዋል። በአንድ ሳምንት ያልቃል። ሌላ ቦታ ብዙ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ እኩል ነው የሚሠራው። አሁን የምፈራው እዚህ ስትመላለሱ ሌላ በሽታ ይዛችሁ እንዳትሄዱ ነው።»

ልብስ ሰፊዋን ደስ አላት። ጨረሩ የሚያርፍበትን ለማሳየት ገላዋ ላይ በቀለም የተሰመረውን ምልክት ቤቷ ሆና በመስታወት አይታው ነበር። እሷ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምረው ቀጥ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያሰመረው ነው። ልኳን እንዲህ የያዘ ሰው አጭሩ ይበቃል ካለ ይበቃል ብላ፣ «እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት ጋሼ ፌርማታ ቀደማት።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ልጄ፣ ዕጣው የወጣው አምስት ሳምንት አልነበረም ወይ?»

«ነበር፣ ጋሼ። ጥናቱ ግን ቆሟል።»

«ጥናቱ ይቁም። የእሷ ዕጣ ለምን ይቆማል?»

«ዕጣ ስንል ሽልማት ማለታችን እኮ አይደለም። ሁለቱም የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው። አውቶብሱ ነው የፈጠነው።»

አውቶብስ ባታነሳ ይሻላት ነበር። ግን ከማን ጋር እንደተቀመጠች በምን ትወቅ።

«የሚፈጥን አውቶብስ የት እንደሚያደርስ እኔን ጠይቂኝ» አለ፣ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ። «መሃል መንገድ ላይ ሰው አራግፎ ነው የሚፈጥነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል» አለች ሚስቱ።

«ዝም አልልም። ሰው ስለሌለን ነው የሚቆረጥብን። የትልቅ ሰው ሚስት ብትሆኚ ይቆርጡብሽ ነበር?»

«ለእናቴም ቢሆን አጭሩን ነበር የምሰጠው» አለች ሐኪሟ። ፊቷን የጋረደው ፕላስቲክ በትንፋሿ ጉም ለብሶ ዓይኗ አይታይም። «የግድ ረጅሙን ካሉ አልከለክልም። ግን እሳቸው ይንገሩኝ። እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ዓይኑ በርቷል። መሪውን ካስረከበ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየችውም። ልጅ የያዘውን አሻንጉሊት ነጥቆ ከማስለቀስ መተው ይሻላል እንደሚባለው ዓይነት ነገር መጣባት።

«እሱ እንዳለው ይሁን» አለች።

በየማለዳው ይሄዱ ጀመር። አስታማሚ መግባት ስለተከለከለ ጋሼ ፌርማታ ከበሩ ውጪ፣ አጭሩ የግንብ አጥር ላይ ከሌሎች ባሎችና ወንድሞች ጋር ይቀመጣል። ሳምንት ሳይሞላው አጥሩን ችሎት አደረገው። አፉ ተሸፍኖ ክርክር ስለማይሆንለት ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ «ሙሉው ይሰጣት በሉ። ጠንከር ካላችሁ ይሰጧችኋል» እያለ ያስተምራል።

እሷ ውስጥ፣ ቀዝቃዛው አልጋ ላይ ክንዷን ከራሷ በላይ ዘርግታ ትተኛለች። የማሽኑ ሠራተኛ ያስተካክላታል።

«እትዬ፣ በሩ ላይ የሚሰብኩት የእርስዎ ባለቤት ናቸው አሉ። ዛሬ ሁለት ሴቶች ረጅሙን ካልሰጣችሁን ብለው ገቡ።»

«እሱ ነው።»

«ምናለ ጭንብላቸውን ቢያደርጉ?»

«አንተ ንገረው። እኔ ስነግረው እኮ እንደገና ክርክር ይጀምራል።»

በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመረው። «ብዙ ስላወራሁ ነው፣ ጉሮሮዬ ነው» አለ። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ አጠረው። ወደዚያው ሆስፒታል፣ ወደ ሌላኛው ሕንፃ ወሰዱት። መግባት አልፈቀዱላትም። እሷንም መርምረው ነፃ ነሽ አሏት፣ ግን ከቤት አትውጪ ተባለች፤ ጨረሩም ተቋረጠ። መሞቱን በስልክ ነገሯት። ሲቀበር የነበሩት እሷ የማታውቃቸው፣ ከእግር እስከ ራስ የተሸፈኑ ሰዎች ናቸው።

ማጽናናቱም በስልክ ሆነ።

«ላንቺ ሲል ነው ያለፈው» አለች የባሏ እህት። «በየቀኑ በር ላይ ቆሞ። እንዲህ የሚወድ ባል ከየት ይገኛል?»

«አዎ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሌላውም ደውሎ ያንኑ አለ። ባለሱቁም ያንኑ አለ። ሁሉንም «አዎ» አለቻቸው። ስልኩን ስታስቀምጥ ግን ደረቷ በንዴት ይነድዳል። ለእኔ ሲል? እኔ መቼ ጠየቅኩት? ይህን ለማን ትናገር። የሞተ ባሏ ላይ የምትቆጣ ሴት ሐዘን አሳበዳት ነው የምትባለው። በሕይወት ሳለ ዝም ብላ ትረታው ነበር። አሁን እሱ ዝም ብሎ ረታት።

ወደ ሆስፒታሉ ስትመለስ ሐኪሟ እዚያው ግቢው ውስጥ አስቀመጠቻት።

«የቀረውን እንደገና አስልተነዋል። ከፈለጉ ጠቅለል አድርገን በሦስት ቀን እንጨርሰው» አለችና፣ ሳታስበው ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ተመለከተች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው? አሳጥሪው» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን የማሽኑ ሠራተኛ ከአልጋው አወረዳት።

«ጨረሱ እትዬ። እንኳን ደስ አለዎት።»

«እንዲህ ቀላል ነበር?»

ያመሰገነችው መሰለውና፣ «ድሮም ምንም የለውም» አላት።

ከበሩ ስትወጣ አጥሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ፣ እጁ በቀለም የተለቀለቀ ቀለም ቀቢ፣ ተነስቶ መጣ።

«የጋሼ ፌርማታ ባለቤት አይደሉም? ጠፉብን እኮ። እህቴን ባጭሩ ሊሸኟት ሲሉ እንደመከሩኝ ጠንከር አልኩ። ሙሉውን አሰጠኋት፣ ትናንት ጀመረች። ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።»

«ሞቷል» አለችው። «እዚህ አጥር ላይ ተቀምጦ ነው በሽታው የያዘው። እህትህ ገና ጅምር ናት። ሐኪሟን ለምናትና አሳጥሩላት በላት።»

ሰውየው ጭንብሉን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ሳበ። ከእሷም ራቅ፣ ራቅ አለ።

«ሰምተኸኛል?»

«ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለ ወደ ኋላው እየሄደ። «ጀግና ነበሩ። እስከ መጨረሻው ለእርስዎ ቆሙ።»

ተመልሶ አጥሩ ላይ ተቀመጠና ከጎኑ ላለው ሰው የሰማውን ነገረው። ያኛው አልሰማ ብሎት «ማን ሞተ?» ለማለት ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ።